ድራጎኑ ምን ይበላል? የኦክስፎርድ ቅኝት

ፓርክስ ሮድ ላይ፣ ከሣር ሜዳ ወዲያ የቆመው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከደጅ ሲያዩት ደብር፣ ከገቡበት በኋላ የባቡር ጣቢያ ይመስላል። ጣሪያው ብረትና መስታወት ነው፤ ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል፤ ከሥሩ አጽም ተደርድሯል። የተከፈተው በ1860 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለመግባት አይከፈልም። የድራጎኖች ዓለም ፈጥሮ ተከታታይ መጽሐፍ ሊጽፍ ያቀደ ሰው ኦክስፎርድ ሲደርስ ልቡ የሚቸኩለው ጄ. አር. አር. ቶልኪን ይጠጣበት ወደነበረው ቤትና ወደተቀበረበት ስፍራ ነው። ሁለቱም ይቆዩት። ቶልኪን «ሆቢት»ን ካሳተመ ከሦስት ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1938፣ ልጆች ተሰብስበው ስለ ድራጎን የነገራቸው እዚሁ ሙዚየም ነው። ለእንዲህ ያለ ንግግር ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። አጽም ፊት ቆሞ ስለ ድራጎን የሚያወራ ሰው ስለ አጥንቱም ስለ ሆዱም መጠየቁ አይቀርም።

ከሆዱ እንጀምር። ዋናው አዳራሽ ውስጥ የዝሆኖች አጽም ተከታትሎ ቆሟል። አንድ ትልቅ ዝሆን በቀን እስከ 150 ኪሎ ግራም ሣርና ቅጠል ይፈልጋል፤ የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ ሲያኝክ ያሳልፋል። አሁን በዝሆኑ ቦታ ሥጋ በል አውሬ ይቁም፤ ክንፍም ይጨመርለት፤ መብረር ደግሞ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ይህ ፍጡር ከአንድ መንደር አጠገብ ቢሰፍር የመንደሩ ከብት ዓመት አይዘልቅም። ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ደራሲው የነገሥታቱን ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ይጽፋል፤ ድራጎኖቹን ግን በመቶ አብዝቶ ሰማይ ላይ ይለቃቸዋል። ከሥር ያለው ሕዝብ ያርሳል፣ ይገበያያል፣ ልጁን ይድራል፤ ከበረቱ ግን አንድ በሬ አይጎድልም።

መውጫው ከዝሆኑ ይልቅ አዞው ዘንድ ነው። አዞ ሰውነቱን የሚያሞቀው ከፀሐይ ስለሆነ አንዴ ከበላ ወራት ሊጾም ይችላል። ድራጎኑ እንደ አዞ ከሆነ ረጅም እንቅልፉ ምክንያት ያገኛል። በቶልኪን ዓለም ስማውግ የተባለው ድራጎን ድንኮቹን ከተራራቸው አባርሮ ወርቃቸው ላይ የተኛው በ2770 ሲሆን፣ የተገደለው በ2941 ነው፤ ቁጥሮቹ የዚያው የፈጠራ ዓለም አቆጣጠር ናቸው። 171 ዓመት! በዚህ ሁሉ ጊዜ አገሩ ባዶ አልሆነም፤ ከተራራው ግርጌ ሐይቅ ላይ ሰዎች ከተማ ሠርተው ይነግዳሉ። የሚያንቀላፋ ድራጎን ጎረቤት ሊኖረው ይችላል። በየቀኑ የሚያድን ድራጎን ግን ጎረቤት የለውም።

ክንፉ ሌላ ጣጣ ነው። አከርካሪ አጥንት ካላቸው የምድር እንስሳት ከአራት በላይ እጅና እግር ያለው የለም፤ የወፍም የሌሊት ወፍም ክንፍ የተለወጠ እጅ ነው። ስማውግ አራት እግርና ሁለት ክንፍ አለው፤ ሲደመር ስድስት። ደራሲው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ግን ተፈጥሮን አይቶ ለድራጎኖቹ ሁለት እግርና ሁለት ክንፍ ብቻ ሰጣቸው። የትኛውም ቢመረጥ አልቃወምም፤ አስማት ባለበት ዓለም የአጥንት ቆጠራ ብቻውን ልብወለድ አያበላሽም። ነገር ግን ነገሩ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት መወሰን አለበት። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ አንድ ሰው መጋለቡ አይቀርም፤ ያኔ ኮርቻው ከክንፉ ፊት ይሁን ከኋላ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለ ክብደትም እንዲሁ። እስከ ዛሬ ከታወቁት የሚበሩ ፍጥረታት ትልቁ ከሚባሉት አንዱ ኬትዛልኮአትለስ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 10 ሜትር ገደማ ነበር፤ ክብደቱ ግን በብዙ ግምት ከ250 ኪሎ አያልፍም። አንድ የደለበ ሰንጋ ይበልጠዋል።

የድራጎን ወጪ ነገር ከተነሳ አን ማካፍሪን ማለፍ አይቻልም። በ1968 በወጣው «ድራጎንፍላይት» የጀመረችው የፐርን ዓለም ውስጥ ድራጎኖቹ እሳት የሚተፉት የተለየ ድንጋይ አኝከው ነው፤ ሰፈሮቹም ለድራጎን ጋላቢዎቹ አሥራት ይከፍላሉ። ጋላቢዎቹ ከሰማይ የሚዘንበውን አጥፊ ነገር በእሳት ያቃጥላሉና ነገሩ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰማዩ ለብዙ ትውልድ ሰላም ሲሆን ነው። ከፋዩ ያጉረመርማል፤ ለማይዋጋ ጋላቢ ስለ ምን እንገብራለን ይላል። ልብወለዱ የሚነሳው ከዚህ ቅሬታ ነው። በድራጎን መጻሕፍት ውስጥ ይህን ያህል ብልህ መነሻ ጥቂት ነው ያነበብኩት።

ከሙዚየሙ ሳንወጣ አንድ መንጋጋ እንይ። በኦክስፎርድሻየር ስቶንስፊልድ ከተባለች መንደር የወጣ የሜጋሎሳውረስ መንጋጋ ነው። ዊሊያም ባክላንድ በ1824 ስም ሰጥቶ ሲገልጸው በሳይንስ ስም የወጣለት የመጀመሪያው ዳይኖሰር ሆነ፤ «ዳይኖሰር» የሚለው መጠሪያ ራሱ ገና አልተፈጠረም ነበር። ከዚያ በፊት፣ በ1677፣ ሮበርት ፕሎት የተባለ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሰው ከዚሁ አውራጃ የተገኘ ትልቅ የጭን አጥንት ቁራጭ በሥዕል አሳትሞ ነበር። መጀመሪያ ሮማውያን ያመጡት ዝሆን ይሆን ብሎ አሰበ። ቀጥሎ ከዝሆን አጥንት ጋር አስተያየውና አልገጠመለትም፤ የግዙፍ ሰው አጥንት ነው ብሎ ደመደመ። ለደራሲ የፕሎት ድምዳሜ ከባክላንድ ትክክለኛ ስም ይልቅ ይጠቅማል። በልብወለዱ ዓለም ያሉ ሊቃውንት ስለ ድራጎን የሚያውቁት እንደ ፕሎት መሆን አለበት፤ አጥንቱ በእጃቸው ነው፣ ትርጉሙ ግን አይደለም።

ወደ ደቡብ ጥቂት በእግር ሲሄዱ ፓርክስ ሮድ ከብሮድ ስትሪት ጋር ይገጥማል። ጥጉ ላይ ያለው ዌስተን ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የዩኒቨርሲቲው የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት አካል። የቶልኪን የ«ሆቢት» እና የ«ቀለበቶቹ ጌታ» ረቂቆች ተሸጠው አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ በሚገኘው ማርኬት ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ሥዕሎቹ፣ ብዙ ካርታዎችና የቀሩት ወረቀቶች ግን እዚህ ናቸው፤ ዝም ብሎ ገብቶ የሚያያቸው ባይሆንም በ2018 ትልቅ ዐውደ ርእይ ተደርጎላቸዋል። ከሥዕሎቹ አንዱ ቢልቦ የተባለው ሆቢት በወርቅ ክምር ላይ ከተጋደመው ስማውግ ጋር ሲነጋገር ያሳያል። ቶልኪን ራሱ በደብዳቤው እንዳመነው ሆቢቱ ከልኩ በላይ ገዝፏል። ድራጎኑን የሣለው እጅ ከጎኑ የቆመውን ሰው መለካት አቅቶታል፤ ይህ በሥዕል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም በየገጹ የሚያጋጥም ፈተና ነው።

ካርታዎቹ ዘንድ ደግሞ ሰውዬው ምን ያህል ጠንቃቃ እንደነበረ ይታያል። ቤተ መጻሕፍቱ በ2016 የገዛው አንድ ካርታ ሠዓሊዋ ፖሊን ቤይንስ ስትሠራበት የነበረ ነው፤ ቶልኪን በእጁ ማስታወሻ ጽፎበታል። ሆቢቶች የሚኖሩባት ሆቢተን በኦክስፎርድ ኬክሮስ ላይ እንደሆነች ለሠዓሊዋ ይነግራታል። ማለትም የፈጠራው አገር የአየር ጠባይ፣ የሣሩ ልምላሜ፣ የክረምቱ ርዝመት ሁሉ ደራሲው በመስኮቱ የሚያየው ነው። ካርታ ቀድሞ ሠርቶ ታሪኩን ከካርታው ጋር ማስማማት የሥራ ልማዱ ነበር። ተጓዦቹ በቀን ምን ያህል እንደሚራመዱ ያሰላል። የጨረቃዋ መጠን በሁለት ቦታ ባሉ ገጸ ባሕርያት ዘንድ አልገጥም ስላለው የጻፈውን መልሶ አስተካክሏል።

ድራጎን ይህን ሁሉ ስሌት ያፈርሳል። ሲራራ ነጋዴ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሬ የነጋዴውን ቀን በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። ዐሥራ አምስት ቀን የሚፈጅ መንገድ፣ ሽፍታው፣ ወንዙ፣ የደከመው በቅሎ፣ ሁሉም ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ጥሩ ዐቃጆች ድራጎኑን ለረጅም ጊዜ ከመንገድ ያግዱታል። ስማውግ ተራራው ሥር ተኝቷል። የማርቲን ሦስት ድራጎኖች የሚፈለፈሉት በ1996 በወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ገጾች ላይ ነው፤ ዴነሪስ የተባለችው ገጸ ባሕርይ ከአንዱ ጀርባ ላይ የምትወጣው ግን በ2011 በወጣው አምስተኛው መጽሐፍ ነው። አንባቢ ዐሥራ አምስት ዓመት ጠበቀ። (ማርቲን አንባቢን በማስጠበቅ በኩል ሌላም ስም አለው፤ እሱን እንተወው።)

እዚሁ ቦድሊያን ውስጥ የእኛን አገር ሰው የሚያስቆም ሌላ ነገር አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ኢትዮጵያን ጎብኝቶ ሲመለስ፣ በ1773 ወደ አውሮፓ ካደረሳቸው የመጽሐፈ ሄኖክ የግዕዝ ቅጂዎች መካከል እዚህ የሚገኙ አሉ፤ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 በእንግሊዝኛ ተርጉሞ ያሳተመው ከእነዚሁ ከአንዱ ነው። ሄኖክ ምዕራፍ 60 ላይ ሁለት ታላላቅ አራዊት አሉ። ሴቲቱ ሌዋታን በባሕር ጥልቅ፣ ወንዱ ብሔሞት በሰፊው ምድረ በዳ፤ ሁለቱ ተለያይተው ነው የተቀመጡት። አንድ የድራጎን ዕቅድ ሊመልሳቸው ከሚገቡ ከባድ ጥያቄዎች ሁለቱ እዚህ ተመልሰዋል፤ የት ይኖራሉ? ስለምንስ ዓለምን አልሞሉም? የቶልኪን ወረቀቶችና የሄኖክ ብራና በአንድ ተቋም ጣሪያ ሥር መዋላቸውን የሚያስተውል ጎብኚ ብዙ አይመስለኝም። ከሐበሻ ደራሲ ግን ይጠበቃል።

ብሮድ ስትሪትን ተሻግሮ ተርል ስትሪት ውስጥ ቶልኪን በ1911 ተማሪ ሆኖ የገባበት ኤክሰተር ኮሌጅ አለ፤ ደራሲው ፊሊፕ ፑልማንም የተማረው እዚያ ነው። በሩን አይቶ ማለፍ ይበቃል። ወደ ደቡብ የሚገኘው ፔምብሮክ ኮሌጅ የበለጠ ይመለከተናል። ቶልኪን ከ1925 እስከ 1945 የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ሆኖ የሠራው የዚህ ኮሌጅ አባል ሆኖ ነው፤ በ1936 ለንደን ላይ ቤኦውልፍ ስለተባለው ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ግጥም ያደረገው ንግግር ደግሞ የዘመኑን ሊቃውንት አመለካከት ቀይሯል። ሊቃውንቱ ግጥሙን እንደ ታሪክ ማስረጃ እየመረመሩ ጭራቆቹን እንደ ተራ ነገር ይቆጥሯቸው ነበር። እሱ ጭራቆቹ የግጥሙ እምብርት ናቸው አለ። በቤኦውልፍ ውስጥ ድራጎኑ ለዘመናት በመቃብር ጉብታ ውስጥ ሀብት ሲጠብቅ ይኖራል፤ አንድ ሰው ገብቶ ጽዋ ሲሰርቅ ይነቃና አገር ያቃጥላል። ቢልቦም ከስማውግ ክምር መጀመሪያ የሚሰርቀው ጽዋ ነው። ቶልኪን ድራጎኑን ከባዶ አልፈጠረም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምረው ከኖረው ጽሑፍ ወሰደው። አንድ ጽዋ ለጎደለበት ክምር አገር የሚያቃጥል አውሬ ክፋቱ ከጥርሱ ይልቅ በቆጠራው ነው። የያዘውን አይጠቀምበትም፤ ቁጥሩን ግን ያውቃል።

ሴንት ጃይልስ የተባለው ሰፊ ጎዳና ላይ የቶልኪንና የደራሲው የሲ. ኤስ. ሉዊስ ጓደኞች ይሰበሰቡበት የነበረው «ኢግል ኤንድ ቻይልድ» መጠጥ ቤት አለ። በ2020 ተዘጋ፤ በ2023 አንድ የቴክኖሎጂ ተቋም ገዛው። ስለዚህ ቤት የተጻፈው ከተጠጣበት ሳይበልጥ አይቀርም። የሚረባው ነገር ልማዳቸው ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ማታ በሉዊስ ክፍል ተሰብስበው ያልተጠናቀቀ ጽሑፍ ያነቡ፣ ይተቻቹ ነበር። ሉዊስም በ1952 ባሳተመው የናርንያ መጽሐፍ፣ በድራጎን ወርቅ ላይ ተኝቶ የስግብግብ ሐሳብ ሲያስብ ድራጎን ሆኖ የሚነቃ ልጅ ፈጥሯል። አውሬው ከውጭ አልመጣም ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ ሴንት አንስ ኮሌጅ ይደርሳሉ። ደራሲዋ ዲያና ዊን ጆንስ በ1953 ተማሪ ሆና የገባችው እዚህ ነው፤ የሉዊስንም የቶልኪንንም ትምህርት ተከታትላለች። በ1996 ያሳተመችው የፋንታሲ አገር «የጎብኚዎች መመሪያ» እቅድ ያለው ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ፌዝ ነው። ሁሉም የፋንታሲ መጽሐፍ የሚካሄደው በአንድ አገር ነው ብላ ትነሳና ለጎብኚው ታስረዳለች፤ ምግቡ ሁልጊዜ ወጥ መሳይ ነገር ነው፣ ፈረሶቹ ያለ ድካምና ያለ ገፈራ ይሮጣሉ፣ ካርታው ላይ ያለውን ቦታ ሁሉ ሳይጎበኙ መመለስ አይቻልም። እኔ በተለይ በፈረሶቹ ሳቅኩ። አማርኛ ተናጋሪ ደራሲ ከዚህ አገር ቢገባ ምን ይዞ እንደሚወጣ መገመት አያስቸግርም፤ ግንብ፣ በረዶ፣ ጥቁር ደን፣ ወጥ።

ኖርዝሙር ሮድ ቁጥር 20 ጸጥ ባለ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ነው። ሰማያዊ የመታሰቢያ ሰሌዳ ከግድግዳው ላይ አለ፤ ቤቱ የግለሰብ ስለሆነ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ማየት ነው። ቶልኪን ከ1930 እስከ 1947 ኖሮበታል። «ሆቢት» እዚህ ተጠናቀቀ፤ የ«ቀለበቶቹ ጌታ» አብዛኛውም እዚህ ተጻፈ። ተከታታይ መጽሐፍ ለሚያቅድ ሰው የዚህ ቤት ታሪክ ያጽናናል። «ሆቢት» ተከታይ እንዲኖረው ታስቦ አልተጻፈም። መጽሐፉ ተወደደና አሳታሚው ሌላ ሆቢት አምጣ አለ፤ ደራሲው በ1937 ማለቂያ ላይ ጀመረ፤ ሥራው የታተመው በ1954 እና በ1955 ነው። መካከል ላይ አንድ እንቅፋት ነበር። በ«ሆቢት» የመጀመሪያ እትም ጎለም የተባለ ፍጡር ቀለበቱን በጨዋታ ላሸነፈው በስጦታ ሊሰጥ ፈቃደኛ ነው። በኋላ ቀለበቱ ማንም በፈቃዱ ሊለየው የማይችል ክፉ ነገር ሲሆን ያ ምዕራፍ ሐሰት ሆነ። ቶልኪን ምን አደረገ? በ1951 ምዕራፉን ለውጦ አሳተመ፤ የድሮውንም ቢልቦ የዋሸው ስሪት ነው አለ። ስሕተትን የገጸ ባሕርይ ውሸት ማድረግ፤ ከዚህ የበለጠ የዕቅድ ጥበብ አላየሁም።

ስለ ስማውግ አሟሟትም አንድ ነገር። «ሆቢት» 19 ምዕራፍ አለው፤ ድራጎኑ የሚሞተው በ14ኛው ነው። የሚገድለውም ቢልቦ ወይም ድንኮቹ ሳይሆኑ፣ አንባቢ ገና የተዋወቀው ባርድ የተባለ ቀስተኛ ነው። ከዚያ ባለቤት ያጣው ወርቅ ጦር ይጠራል። የተቃጠለችው የሐይቁ ከተማ ሕዝብ ካሳ ይጠይቃል፤ ድንኮቹ የአያቶቻችን ነው ይላሉ፤ ኤልፎቹም ይመጣሉ። ብዙ ጀማሪ ዐቃጆች ድራጎኑን የሚገድሉት በመጨረሻው መጽሐፍ በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። እንዲህ ሲሆን ትልቁ ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል፤ የአውሬው ርስት የማን ነው?

መቃብሩ ወልቨርኮት ነው፤ ከከተማው በስተሰሜን። ድንጋዩ ላይ ከእሱና ከሚስቱ ስም ሥር ቤረንና ሉቲየን የሚሉ የፈጠራ ስሞች ተቀርጸዋል።

የቅኝቱ መጨረሻ ከከተማ ውጭ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። አፊንግተን ላይ ከኮረብታው ሣር ተገፍፎ በነጭ ኖራ ድንጋይ የተሣለ 110 ሜትር የሚረዝም ፈረስ አለ፤ ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሰው ካላጸዳው ሣር ስለሚውጠው ትውልድ ሁሉ ሲጠርገው ኖሯል። ከሥሩ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ ኮረብታ አለ፤ ድራጎን ሂል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን የገደለው እዚህ ነው፣ ደሙ የፈሰሰበት ቦታ ሣር አያበቅልም ይላል የአገሬው ሰው፤ እውነትም አናቱ ላይ ነጭ መላጣ አለ። ኬነዝ ግራሃም በ1898 ባሳተመው ታሪክ መዋጋት የማይወድ፣ ግጥም የሚወድ ድራጎን ያሰፈረው በእነዚሁ ኮረብቶች ነው።

ለእኛ ይህ ኮረብታ እንግዳ አይደለም። ነጩ ፈረስ፣ ጦሩ፣ ከፈረሱ ሥር የተጠቀለለው ዘንዶ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አለ፤ የእኛ ሠዓሊዎች ግን ከዛፍ ላይ ሆና የምትመለከተውን ብሩታዊትን አይረሷትም። ለዘንዶው ተራዋ ደርሶ የቀረበች ናት። እሷ ስትኖር ሥዕሉ ስለ ጀግና ብቻ መሆኑ ይቀርና ስለ ግብር ይሆናል፤ ማን ተራ ያወጣ ነበር? የሀብታም ልጅስ ተራዋ ይደርሳት ነበር? የአክሱም ትውፊትም ከዚሁ ይነሳል። አርዌ የተባለው ዘንዶ ንጉሥ ሆኖ ሲገዛ ሕዝቡ ሴት ልጆችንና ከብት ይገብርለት ነበር። አንጋቦ የተባለ ሰው መጥቶ፣ ብገድለው ታነግሡኛላችሁ ወይ ብሎ ቃል ካስገባ በኋላ በመርዝ ገደለው ይላል አንዱ ትረካ። ልጁ ማክዳ ናት፤ ንግሥተ ሳባ።

ቶልኪንም በ1949 ባሳተመው፣ ከኦክስፎርድ በስተምሥራቅ በቴም ከተማ ዙሪያ በሚካሄደው አጭር ልብወለዱ፣ ጋይልስ የተባለ ገበሬ ድራጎኑን ሳይገድል ወርቁን አስጭኖ ወደ ቤቱ ያመጣዋል። ንጉሡ ድርሻዬን ሲል ገበሬው እምቢ ይላል፤ ድራጎኑ ከጎኑ ነውና የሚያስገድደው የለም። በመጨረሻም ራሱ ነገሠ።

በሁለቱም አገር አውሬውን የረታው ሰው ዙፋን ላይ ወጥቷል። እኔ ተከታታይ መጽሐፍ ባቅድ አንደኛው የአንጋቦ፣ ሁለተኛው የማክዳ ይሆናል፤ አርዌም የሚሞተው አንደኛው መጽሐፍ ሳይጋመስ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ሁሉ ሕዝቡ ለአርዌ ይገብር የነበረው ከብት አሁን ወደ ማን በረት እንደሚነዳ ይከተላሉ።